ፖሊስ «ልፈትሽ?» ብሎ ሲጠይቅ፦ የአድማጮች ጥያቄና የጠበቃ መልስ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለሚኖሩ አድማጮቻችን ባዘጋጀነው በዚህ የሕግ ሰዓት፣ የወንጀል ተከላካይ ጠበቃ የሆኑት እንግዳችን ስለ ፖሊስ ፍተሻና ከሕግ ውጭ ስለሚገኝ ማስረጃ በስልክ የቀረቡላቸውን ጥያቄዎች መልሰዋል።

አድማጭ ከአሌክሳንድሪያ፦ ጤና ይስጥልኝ። የታክሲ ሹፌር ነኝ። ፖሊስ በፍጥነት ነዳህ ብሎ አስቆመኝና የቅጣት ወረቀቱን ከሰጠኝ በኋላ «መኪናውን ባይ ቅር ይልሃል?» አለኝ። የምደብቀው ነገር ስለሌለኝ «ይዩት» አልኩ። ምንም አልተገኘም። ነገር ግን ተሳፋሪ ረስቶት የሚወርደው ዕቃ ብዙ ነው፤ ባሰብኩት ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል። እምቢ ማለት እችል ነበር?

መልስ፦ ይችሉ ነበር። እንቅልፍ የነሳዎትም ነገር ተገቢ ስጋት ነው። ከ1791 ጀምሮ የጸናው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ ሰው በአካሉ፣ በቤቱ፣ በሰነዶቹና በንብረቱ ላይ ምክንያታዊ ያልሆነ ብርበራ እንዳይፈጸምበት ይጠብቃል። እዚህ አገር ኑሮውን የመሠረተ ሰው ዜጋ ባይሆንም ጥበቃው ይደርሰዋል።

መኪና ላይ ሕጉ ላላ ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1925 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ፖሊስ በመኪናው ውስጥ ከወንጀል ጋር የተያያዘ ነገር እንዳለ የሚያሳምን በቂ ምክንያት ካለው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መፈተሽ ይችላል። እንዲህ ያለ ምክንያት በእጁ ያለ ፖሊስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ አይለምንም። የጠየቀዎት ምክንያቱ ስለጎደለው ሳይሆን አይቀርም፤ የጎደለውን እርስዎ «ይዩት» ብለው ሞሉለት። ፈቅደው በተደረገ ፍተሻ የተገኘ ነገር ደግሞ፣ የተሳፋሪ ዕቃም ቢሆን፣ ከሕግ ውጭ ተገኘ ብሎ ለመከራከር እጅግ ያስቸግራል።

ፖሊሱ «እምቢ ማለት ትችላለህ» ብሎ እንዲነግርዎ አይገደድም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 የወሰነው ይህንን ነው። ይህ ውሳኔ በእኛ ሰው ላይ በተለይ ይበረታል ብዬ አምናለሁ። ደንብ ልብስ የለበሰን ሰው «አይሆንም» ማለት ድፍረት ነው ተብለን አድገናል፤ በዚያ ላይ ይሉኝታው አለ፣ ቋንቋው አለ። ፍርድ ቤት ፈቃዱ በእርግጥ በነጻነት የተሰጠ መሆኑን ሲመዝን የሰውየውን ሁኔታ ሁሉ ይመለከታል፤ ቢሆንም «በይሉኝታ ነው የፈቀድኩት» የሚል ክርክር ብቻውን ሲያሸንፍ ማየት ብርቅ ነው።

ስለዚህ እጅዎን መሪው ላይ አድርገው፣ ድምፅዎን ሳያነሱ «ፍተሻ አልፈቅድም» ይበሉ። መከልከልዎ በራሱ የወንጀል ምልክት ተደርጎ አይቆጠርም። ውረድ ካለዎት ይውረዱ፤ ሹፌርን ከመኪናው ማስወረድ እንደሚችል በ1977 ተወስኗል። እምቢታዎን አልፎ ከፈተሸ በእጅም በአካልም አይከላከሉ፣ አለመፍቀድዎን ብቻ ይድገሙ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። የቅጣት ወረቀቱ ተሰጥቶ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ደግሞ፣ ሌላ የጥርጣሬ ምክንያት ሳይኖር፣ አነፍናፊ ውሻ እስኪመጣ ብሎ ሊያቆይዎ አይችልም። ይህ በ2015 የተወሰነ ነው። «መሄድ እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ።

አድማጭ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ መኪናዬ ማሪዋና ማሪዋና ይሸታል ብሎስ ቢፈትሽ?

መልስ፦ በሜሪላንድ ከሐምሌ 2023፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የማሪዋና ሽታ ብቻውን ለፍተሻ ምክንያት አይሆንም። ሁለቱም ሕጎች አንድ ርምጃ ተራምደዋል፦ ክልከላውን በመጣስ የተገኘ ማስረጃ ባለቤቱ ፈቅዶ የተገኘ ቢሆን እንኳ ተቀባይነት የለውም።

አድማጭ ከዋሽንግተን ዲሲ፦ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝና አይፍረዱብኝ። ዕቃው ከሰውየው ቤት ከተገኘ ተገኘ ነው። ፖሊስ አጥፍቶ ከሆነ ፖሊሱ ይቀጣ እንጂ ወንጀለኛው ለምን ነጻ ይወጣል?

መልስ፦ አባቴ፣ ይህንን ጥያቄ ታላላቅ ዳኞችም ጠይቀውታል። ቤንጃሚን ካርዶዞ በ1926 የኒው ዮርክ ዳኛ ሳሉ፣ ፖሊስ ስለተሳሳተ ወንጀለኛ ነጻ ይውጣ የሚለውን አስተሳሰብ አልተቀበሉትም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርዎ። በ1957 በኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ ፖሊሶች አንድ የቦምብ ፍንዳታ ተጠርጣሪ ፍለጋ ወደ ወይዘሮ ዶልሪ ማፕ ቤት መጡ። ወይዘሮዋ ጠበቃቸውን በስልክ አማክረው «ማዘዣ ካላመጣችሁ አላስገባም» አሉ። ፖሊሶቹ ከሰዓታት በኋላ ተበራክተው ተመለሱና በሩን ሰብረው ገቡ። ማዘዣ አሳዩን ሲባሉ አንድ ወረቀት አውለበለቡ፤ ወይዘሮዋ ነጥቀው በልብሳቸው ውስጥ ቢከቱት ታግለው ቀሟቸውና እጃቸውን በካቴና አሰሩ። ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተበረበረ። በመጨረሻ የተከሰሱት በቦምብ ሳይሆን ጸያፍ የተባሉ መጻሕፍት ይዘው በመገኘት ነው። ያ ማዘዣ የተባለ ወረቀት ፍርድ ቤት ቀርቦ አያውቅም።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። በሩን የሰበሩት ፖሊሶች ያገኙት ነገር እንደማይጣልባቸው ያውቁ ነበር፤ ይህን ዓይነቱን ማስረጃ የማግለል ደንብ ከ1914 ጀምሮ የሚያስገድደው የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ብቻ ነበርና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1961 የወይዘሮ ማፕን ቅጣት ሽሮ ደንቡ በክፍለ ግዛቶችም እንዲጸና አደረገ። ፖሊሱ ይቀጣ ያሉት መልካም ነው፤ ግን ያን ያህል ዘመን ሲሞከር የፖሊስን እጅ አልያዘም። የያዘው በጉልበት የተገኘው ነገር ለክስ እንደማይጠቅም ማወቁ ነው። ዋጋ ያስከፍላል፣ አልክድም። አንዳንዴ ጥፋተኛ ያመልጣል። እኔ ግን በሩ የሚሰበርበት ንጹሕ ሰው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ፖሊስ ምንም ያላገኘበት ብርበራ ፍርድ ቤት አይደርስምና ያን ሰው ማንም አያየውም።

አገር ቤት ያለውንም ልጨምር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ቤትን፣ አካልንና ንብረትን ከብርበራ ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 19 ደግሞ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደማይኖረው ይናገራል። ሁለተኛው ማግለልን በግልጽ ሲያዝ፣ አንቀጽ 26 ግን በሕገወጥ ብርበራ የተገኘው ዕቃ ምን ይሁን እንደሆነ ዝም ይላል። ይህ ክፍተት መዘጋት አለበት።

አድማጭ ከአርሊንግተን፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ደለስ አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣዋን በረበሩት፣ ስልኳንም ጠየቋት። ይህስ ተፈቅዷል?

መልስ፦ ድንበር ላይ ሻንጣ ለመፈተሽ ማዘዣም ጥርጣሬም አያስፈልግም፤ ዓለም አቀፍ በረራ የሚያርፍበት አየር ማረፊያም እንደ ድንበር ነው። በርበሬና ሽሮ ለጉምሩክ ያሳውቁ። የጫት ነገር ግን ከባድ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን እዚህ አገር በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ተርታ የተመደበ ስለሆነ፣ «ለዘመድ ነው» ማለት አያድንም። ሰው አደራ የሰጣችሁን ጥቅል ሳትከፍቱ አትቀበሉ።

ስልክን በተመለከተ፣ ከተማ ውስጥ የተያዘን ሰው ስልክ ለመክፈት ማዘዣ እንደሚያስፈልግ በ2014 ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ወስነዋል። ድንበር ላይ ግን ባለሥልጣኖቹ ያለ ማዘዣ ያያሉ። ዜጋ የይለፍ ቃሉን አልሰጥም ቢል ስልኩ ሊያዝበት ይችላል እንጂ አገሩ እንዳይገባ አይከለከልም፤ ቪዛ ይዛ የመጣች እናት ግን ልትመለስ ትችላለች።

አድማጭ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ምድር ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። አከራዬ ለፖሊስ በር ቢከፍትስ?

መልስ፦ አከራይ የተከራይን ክፍል ለፖሊስ መፍቀድ አይችልም። አብሮ የሚኖር ደባል ግን ሳሎኑንና ወጥ ቤቱን ሊፈቅድ ይችላል፤ እርስዎ በቦታው ቆመው «እኔ አልፈቅድም» ካሉ በ2006 ውሳኔ መሠረት የእርስዎ ቃል ይጸናል። በቦታው ከሌሉ ግን አይጸናም።

አድማጭ ከአሌክሳንድሪያ፦ የመኖሪያ ፈቃዴ ገና በሂደት ላይ ነው። በሕገወጥ መንገድ የተገኘ ማስረጃ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትም ይጥለዋል?

መልስ፦ ባጠቃላይ አይጥለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 በአምስት ለአራት ድምፅ፣ የማግለል ደንቡ ለማባረር ጉዳይ እንደማይሠራ ወስኗል፤ ቀዳዳ የተተወው እጅግ የከፋ ጥሰት ለተፈጸመበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ በሩ ላይ የሚሆነው ነገር ከሌላው ሰው ይበልጥ ይወስናል። የኢሚግሬሽን ሹሞች ቢያንኳኩ፣ ሳይከፍቱ ወረቀቱን በበሩ ሥር እንዲያሳልፉት ይጠይቁና ማን እንደፈረመበት ይዩ። የመሥሪያ ቤቱ ሹም የፈረመበት ወረቀት የፍርድ ቤት ዳኛ ማዘዣ አይደለም።

የወንጀል ክስ ከቀረበብዎ ደግሞ ማስረጃው ይውደቅ የሚለው አቤቱታ መቅረብ ያለበት ከዋናው ክርክር በፊት ነው። ዐቃቤ ሕግ ቅጣት ቀንሶ «ጥፋተኛ ነኝ በል» ሲል ቶሎ የተቀበለ ሰው ይህን መከራከሪያ አብዛኛውን ጊዜ ያጣዋል። ጥፋተኝነት ማመን መኖሪያ ፈቃድዎን የሚነካ ከሆነ ጠበቃዎ አስቀድሞ ሊነግርዎ እንደሚገባ ከ2010 ጀምሮ ግዴታው ነው። ካልነገረዎት ከመፈረምዎ በፊት እርስዎ ይጠይቁት።