ጣና ዳር ዓሣ ከማዘዛችሁ በፊት በጉን አስቡት

ሰላም ቤተሰብ! እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ ባሕር ዳር ነን። ከጀርባዬ የሚንጨረጨረውን ትሰማላችሁ? ዘይት ነው። ዓሣ እየተጠበሰ ነው። እኔ ግን ገና አላዘዝኩም። ለምን? ዓሣውን አላየሁትማ!

በነገራችን ላይ፣ "ባሕር ዳር ልሄድ ነው" ስል አንዱ ተመልካች "ሸርጣን ብላልን" ብሎ ጻፈልኝ። ወንድሜ፣ ስሙ ነው እንጂ እዚህ ባሕር የለም። ሐይቅ ነው። ያውም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ ሐይቅ። እዚህ የሚበላው ዓሣ ነው። እሱንም መምረጥ ካወቅንበት።

እንዴት ነው የሚመረጠው? በጉን አስቡት። በጉን።

የበዓል ዋዜማ ነው እንበል። አባባ በግ ተራ ገብተዋል። ነጋዴው ይምላል ይገዘታል፤ "ጋሼ፣ ይሄ በግ አይደለም፣ ጥጃ ነው!" አባባ አይሰሙትም። ጠጋ ብለው ወገቡን ጨበጥ ያደርጋሉ። ላቱን ከሥር በመዳፋቸው አንስተው ይመዝናሉ። ከዚያ አፉን ፈልቅቀው ጥርሱን ያያሉ። በጉ ይንፈራገጣል፣ አባባ ግድ የላቸውም። ዋጋ እንኳ ገና አልጠየቁም! ሦስት አራት በግ እንዲህ አስጨንቀው፣ "ደህና ዋል" ብለው ዘወር ሲሉ ነጋዴው ራሱ ይጠራቸዋል። ይሄን ሁላችንም አብረን ሄደን፣ ገመዱን ይዘን አይተነዋል። እንግዲህ የእኚህ ሰው ልጅ ነው ጣና ዳር ተቀምጦ ሜኑ ላይ በጣቱ "አንድ ዓሣ ጥብስ" የሚለው። ወገቡን ሳይጨብጥ! ጥርሱን ሳያይ!

እሺ፣ ወደ ዓሣው። ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወገቡን በጣት ጫን አድርጉት፤ ተመልሶ ከሞላ ጥሩ፣ ጎድጉዶ ከቀረ ተዉት። ዓይኑ ጎላ ያለና የጠራ ይሁን። በጥርስ ፈንታ የምታዩት ደግሞ ስንጥቡን፣ መተንፈሻውን ነው፤ ከጭንቅላቱ ጎን ያለችውን ክዳን ገለጥ አድርጉ። ደማቅ ቀይ ከሆነ ወደ ዘይቱ ይግባ። ቡናማ ወይ ግራጫ ከሆነ ክዳኑን መልሳችሁ፣ አመስግናችሁ ሂዱ። ሽታው? ሐይቅ ሐይቅ ቢል ያምርበታል። አፍንጫ ከቆነጠጠ አበቃ።

"ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው" ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። መረቡ ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ይነሳል። ግን ዓሣው መረቡ ላይ ሞቶ አድሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠዋት መውጣቱ ብቻ አያጽናናኝም። ስንጥቡን አሳዩኝ።

ጣና ላይ በብዛት የምታገኙት ሦስት ዓይነት ነው። ቀረሶ ለጀማሪ ነው፤ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ይላቀቃል። ነጭ ዓሣ ይጣፍጣል፣ ግን ሥጋው መሐል ቀጫጭን አጥንት ተበትኖበታል፤ እያወራችሁ አትብሉት። (እያወራሁ መብላት ሥራዬ ነው፣ ስለዚህ እኔ ቀረሶ።) አምባዛ ጢማሙ ነው። አየር ስለሚተነፍስ ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት ይቆያል፤ ሲንቀሳቀስ ካገኛችሁት ሌላ ምርመራ አያሻውም። ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት ብዙ ናቸው። አያቴም አይበሉትም። ሸርጣኑን ብነግራቸውማ ቻናሉን ያዘጉኛል።

ሜኑ ላይ "ናይል ፐርች" ካያችሁ ደግሞ እወቁ፤ ዓባይ ከዚህ ቢነሳም ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም። ከታች የሚመጣውን ዓሣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያግደዋል። ከሌላ ውሃ ተጭኖ የመጣ ነው ማለት ነው።

ቆይ፣ ሰብስክራይብ አድርጋችኋል? ደውሏንስ? እሺ።

አሁን ሎሚ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ስንቱ ጻፈ መሰላችሁ! "ሎሚ ካለው ጥሬውም ችግር የለውም፣ ሎሚ ያበስለዋል።" ቤተሰብ፣ ሎሚ አያበስልም። ያነጣዋል። አሲዱ የሥጋውን ፕሮቲን ስለሚለውጠው ዓሣው የበሰለ ይመስላል እንጂ ያው ጥሬ ነው። የጣና ዓሣ ውስጥ ክር የመሰለ ጥገኛ ትል መገኘቱን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ትሉን የሚገድልላችሁ እሳት ነው። አንዷ ደግሞ "አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ እየበሉ ኖረው የለ?" አለችኝ። እህቴ፣ ኖረዋል። ግን ኮሶ ይጠጡ የነበረው ለጣዕሙ መሰለሽ?

ሎሚ ሌላም ጉድ አለው። ሽታ ያጠፋል። አንዴ፣ ስሙን የማልጠራው ቤት፣ ተከትፎ በሎሚና በአዋዜ የተዘፈቀ ዓሣ ቀረበልኝ። አሸተትኩት፤ ሎሚ ሎሚ ይላል። ጥርሱን የማይበት ጭንቅላት የለ፣ የምጨብጠው ወገብ የለ። በማግስቱ በጀልባ ደሴቶቹን ልጎበኝ ያሰብኩት ሰው ሌሊቱን መጸዳጃ ቤቱን ስጎበኝ አደርኩ። ስለዚህ ሙሉውን ዓሣ እዩ፤ ሎሚው ሳህን ጎን ይምጣ፣ ራሳችሁ ጭመቁት።

መጣ መጣ! ካሜራውን አዙረው። ልጁ ሁለት ቀረሶ በስንጥባቸው አንጠልጥሎ ይዟል፤ ጅራታቸው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። አንዱን በአውራ ጣቱ ገለጠልኝ። ቀይ! ልክ እንደ በርበሬ። ወገቡን ጫን አደረግሁት፣ ተመለሰ።

"እስቲ የሌላውንም ግለጠው" አልኩት።

ልጁ እኔን አየኝ፣ ካሜራውን አየ።

"ወንድሜ፣ በግ ነው እንዴ የምትገዛው?"