የአንድ ደቂቃ ስልክ ዋጋና የእስር ቤት ኮንትሮባንድ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው አሜሪካ እስር ቤቶች ውስጥ ስለሚዞረው ኮንትሮባንድ ነው። የምጠራቸው ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እሱን አንድ ጊዜ ተናግሬ ልለፈው።

ከሒሳብ እንጀምር። ፌዴራል እስር ቤት ውስጥ ወጥ ቤት የሚሠራ ወይም ኮሪደር የሚወለውል እስረኛ በሰዓት የሚከፈለው ከ12 እስከ 40 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። እንደ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና አላባማ ያሉ ግዛቶች ደግሞ ለአብዛኛው የእስር ቤት ሥራ ጭራሽ አይከፍሉም። ስልኩስ? ከ2014 ጀምሮ ለዓመታት ከግዛት ግዛት የሚደወል የእስረኛ ስልክ የዋጋ ጣሪያ በደቂቃ 21 ሳንቲም ነበር። ከልጁ ጋር 15 ደቂቃ ያወራ አባት 3 ዶላር ከ15 ሳንቲም ይወጣበታል። በሰዓት 12 ሳንቲም ለሚያገኝ ሰው ይህ ከ26 ሰዓት በላይ ጉልበት ነው። በዚያ ላይ የፌዴራሉ እስረኛ በወር ከ300 ደቂቃ በላይ መደወል አይችልም ነበር። በቀን ሲካፈል አሥር ደቂቃ። ያውም በግዛቱ ውስጥ የሚደወለው ጥሪ በዚያ ጣሪያ ስር አልነበረም፤ ከስልክ ኩባንያው ገቢ ላይ ለእስር ቤቱ ድርሻ የሚመለስበት ቦታም ብዙ ነው።

እንግዲህ በድብቅ የገባ አንድ ሞባይል ክፍል ውስጥ የሚያወጣውን ዋጋ ከዚህ ተነሥታችሁ ገምቱት። ውጭ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ዕቃ ግንቡን ሲያልፍ በመቶዎች ይሸጣል። ልዩነቱ ለአሻጋሪው የሚከፈል ደመወዝ ነው። የእኔ ሐሳብ ከዚህ ይጀምራል፦ ኮንትሮባንዱን የሚጠራው ይህ የዋጋ ልዩነት ነው። ፍተሻ ልዩነቱን ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም፤ መንገዱ ሲጠብ ዕቃው ያንሳል፣ ይከብዳል፣ ይወደዳል።

ሲጋራን እንይ። የፌዴራል እስር ቤቶች በ2004 ማጨስ ሲከለክሉ ሲጋራ የእስረኛው ገንዘብ ጭምር ነበር። ገንዘቡ ሲጠፋ ሌላ ገንዘብ መጣ፤ ከእስር ቤቱ ሱቅ አንድ ዶላር ገደማ የሚሸጥ በፕላስቲክ የታሸገ ማኬሬል ዓሣ። የተመረጠው ዋጋው ወደ ዶላር ስለቀረበና ሳይበላሽ ስለሚቆይ ነው። ብዙ ሰው ስለማይወደው ደግሞ ቶሎ ተበልቶ አያልቅም። የመብያ ጊዜው ያለፈበት ዓሣ እንኳ አይጣልም፤ ከሚበላው ዝቅ ባለ ዋጋ መገበያያ ሆኖ ይቀጥላል። (ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ሰው እየሰማኝ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የክፍል ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም።) ሱቁ የሸጠው ዓሣ ሕጋዊ ነው፤ በእሱ ዕዳ መክፈል ግን ክልክል ነው። ሲጋራውም አልጠፋም፣ ተወደደ እንጂ።

ከዚያ ኬ ቱ ወይም ስፓይስ የሚሉት ሰው ሠራሽ ዕፅ መጣ። ወረቀት ላይ ደርቆ ስለሚገባ ደብዳቤ መስሎ ያልፋል። ውሻ በቀላሉ አያሸተውም። ኬሚካሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር የተለመደው የሽንት ምርመራም ያመልጠዋል። ማሪዋና ሽታ አለው፣ ቦታ ይይዛል፣ ሽንት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ገበያው ቀላሉን ዕፅ ጥሎ ወደ ገዳዩ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ፔንሲልቬንያ በነሐሴ 2018 መጨረሻ ሠራተኞቿ ታመሙብኝ ብላ የግዛቱን እስር ቤቶች በሙሉ ዘጋች። በመስከረም ደግሞ የእስረኛው ደብዳቤ ፍሎሪዳ ወዳለ ኩባንያ እንዲላክ አደረገች። እዚያ ተከፍቶ ስካን ይደረጋል፣ እስረኛው የሚደርሰው ኮፒው ነው። ልጅ በከለር እርሳስ የሣለችው ሥዕል የፕሪንተር ቀለም ሆኖ ይመጣል። ብዙ ግዛቶች ተከትለዋታል። መንገዱ ተዘጋ እንበል፤ ዕፁስ?

መልሱን የሰጠችው ቴክሳስ ናት፣ ያውም ሳታስበው። በመጋቢት 2020 በደብዳቤ ላይ አዲስ ጥብቅ ደንብ አወጣች፤ ባለቀለም ወረቀትና የመልካም ምኞት ካርድ ቀረ። በዚያው ወር በኮሮና ምክንያት ጠያቂ ተከለከለ። እናት የለች፣ ሚስት የለች፣ ካርድ የለ። ዕፁ ግን መግባቱን አላቆመም። ታዲያ በዚያ ወቅት በበሩ የሚገባ የሚወጣ ማን ነበር? ሠራተኛው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሸፋፍኖ የሚያልፈው ይህንን ነው። በሚያዝያ 2013 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በባልቲሞር ከተማ ማረፊያ ቤት ጉዳይ 25 ሰዎችን ሲከስ 13ቱ ሴት ዋርድያዎች ነበሩ። ስልክና ዕፅ የሚያስገቡት ለአንድ የወንበዴ ቡድን ነበር፤ መሪው ከአራቱ ልጅ እስከ መውለድ ደርሷል። ግቢው በ2015 ተዘጋ። በየካቲት 2016 ደግሞ ጆርጂያ ውስጥ 46 የቀድሞና በሥራ ላይ ያሉ የማረሚያ ቤት ሠራተኞች ተከሰሱ። ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ ዕፅ ነው የተባሉትን ጭነት በገንዘብ ሲያጅቡ ነው የተያዙት። ከእነሱም መካከል እስር ቤት ውስጥ ኮንትሮባንድ እንዲዋጋ የተቋቋመው ልዩ ቡድን አባላት ነበሩበት።

ዋርድያው ሁሉ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ ደመወዙንና ፈረቃውን ግን እዩት። ሰው ሲያንስ ስምንት ሰዓት የሠራው ሌላ ስምንት በግዴታ ኦቨርታይም ይጨመርበታል። አንድ ክፍል በወጉ ለመፈተሽ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ እስረኛውን ይይዛል፣ አንዱ ፍራሹን፣ ስፌቱን፣ የአየር ማስገቢያውን፣ የመጸዳጃውን ጀርባ ያያል። ፈረቃው ላይ ያለው ለብዙ እስረኛ አንድ ሰው ከሆነ ግን ፍተሻው መዝገብ ላይ ብቻ ይካሄዳል። የሠራተኛ መግቢያ ላይም ያው ነው። ፈረቃ ሲቀየር ሰልፍ ይረዝማል፣ መሣሪያው ሲጮኽ «እለፍ እለፍ» ይባላል፤ ጓደኛ ጓደኛውን ነው የሚፈትሸው። ይህን የሚያስተካክለው የታወቀ ነው፤ ውስጡ የሚታይ ቦርሳ፣ ከሌላ ግቢ የሚመጣ ፈታሽ፣ ቀኑና ሰዓቱ የማይታወቅ ፍተሻ፣ አለቃውም የሚያልፍበት ያው በር። የመጨረሻው ከሌለ ሌላው ሁሉ ለታይታ ነው።

አዲሱ መሣሪያም ቢሆን ጠጋኝ ይፈልጋል። የእንግሊዙ ማንቸስተር እስር ቤት በ2024 ሲመረመር በድንገተኛ የዕፅ ምርመራ ከተፈተሹት 39 በመቶው ተገኝቶባቸዋል። ዕቃው የሚመጣው በድሮን ነው፤ እስረኞች መስኮቱን እያቃጠሉ ይበሱታል፣ መረቡና ካሜራው ደግሞ ተበላሽቶ ሳይጠገን ቆይቷል። ጥፋቱን ሁሉ ለድሮኑ መስጠት ይቀላል። የመረብ ጠጋኝ በጀት የከለከለውን ማን ይጠይቃል?

ወደ ስልኩ ልመለስ። «ለምን ኔትወርኩን አይዘጉትም?» ትሉኛላችሁ። በአሜሪካ የ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ መሠረት ሲግናል ማፈን ክልክል ነው፤ ስልክን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ይህን ለእስር ቤቶች ለማላላት ሐሳብ ያቀረበው በ2025 ነው። እስከዚያው የሚጠቀሙት ሌላ ዘዴ ነው፦ ግቢው ውስጥ አንቴና ተተክሎ በዚያ ክልል የሚነሣን ስልክ ሁሉ ራሱ ይቀበላል። የተመዘገበ ስልክ ያልፋል፣ ያልተመዘገበው ይቀራል። ችግሩ ማስተካከሉ ላይ ነው። ኃይሉ ከበዛ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ስልክ ይይዛል። ካነሰ ጥግ ያሉ ክፍሎች ያመልጡታል። ኩባንያዎቹ አዲስ ፍሪኩዌንሲ በከፈቱ ቁጥርም እንደገና መስተካከል አለበት፤ ያ ሁሉ ወጪ ነው። ብረት የሚለየው ቋሚ ዘንግ የተዘጋ ስልክ እንኳ ያገኛል፤ የሚያገኘው ግን በአጠገቡ ያለፈውን ብቻ ነው።

ስልክ ለናፍቆት ብቻ ነው የሚገባው ብዬ አላታልላችሁም። በሚያዝያ 2018 ሳውዝ ካሮላይና ሊ ማረሚያ ቤት ሰባት እስረኞች በአንድ ሌሊት ተገደሉ። ባለሥልጣናቱ መነሻው የክልል፣ የገንዘብና የኮንትሮባንድ ጠብ ነው አሉ፤ ስልኩንም ወቀሱ። እውነት አላቸው። ግን ያው ስልክ በአንድ ጎን የወንበዴ አለቃ መሣሪያ፣ በሌላ ጎን የልጅ ድምፅ ነው። የሁለቱ ፈላጊዎች አንድ ገበያ ላይ መገናኘት ነው አደገኛው። ሕጋዊው ጥሪ ሲረክስ ናፍቆተኛው ከገበያው ይወጣል፣ የሚቀረው ወንበዴው ነው፤ እሱን ለይቶ ማሳደድ ደግሞ ይቀላል። ኮነቲከት በ2021 ባወጣችው ሕግ የእስር ቤት ጥሪን በነጻ አደረገች፣ ካሊፎርኒያ በ2023 ተከተለች። ለዚህ ሁሉ መንገድ የጠረጉት የዋሽንግተን ዲሲ አያት ማርታ ራይት ሪድ ናቸው፤ የታሰረው የልጅ ልጃቸው የስልክ ጥሪ ዋጋ ቢያስመርራቸው በ2000 ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ክስ መሠረቱ። በስማቸው የተጠራው ሕግ የተፈረመው በጥር 2023፣ እሳቸው ካረፉ ከዓመታት በኋላ ነው። በ2024 ኮሚሽኑ ለትልልቅ እስር ቤቶች በደቂቃ 6 ሳንቲም ወሰነ፣ በ2025 ደግሞ ትግበራውን አራዘመው።

እኛ አገር ስንቅ አምጪው ወጡን ቀምሶ ነው የሚያስገባው፣ ፍተሻውም እንጀራው ላይ ነው። አሜሪካ ስንቅ የሚባል ነገር የለም፤ ጠያቂ ክፍል ውስጥ ካለው ማሽን የሚገዛ ብስኩት ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ዘመድ የታሰረበት ቤተሰብ ካለ ጥቂት ነገር ልበል። ደብዳቤ ከመላካችሁ በፊት የእስር ቤቱን ድረ ገጽ እዩ፤ አድራሻው ሌላ ግዛት ሊሆን ይችላል። ነጭ ወረቀት፣ ሽቶ ያልነካው፣ ተለጣፊ የሌለው። መጽሐፍ በቀጥታ ከሻጭ ድርጅት እንጂ ከቤት አይላክም። ስልክና ስማርት ሰዓት መኪና ውስጥ ይቅር። ደግሞ ይቺን በተለይ ለእኛ ሰው፦ እስረኛው ሲደውል እናቱን ከአዲስ አበባ በሌላ መስመር አታገናኙ። የሦስትዮሽ ጥሪ ክልክል ነው፤ መስመሩ ይቆረጣል፣ ቅጣቱም በእሱ ነው። የሰው ሞባይል ተውሶ ቢደውልላችሁም ደስታችሁን ገትታችሁ «ተው» በሉት። ከ2010 ጀምሮ ፌዴራል እስር ቤት ውስጥ ስልክ መያዝ እስከ አንድ ዓመት የሚያስፈርድ ወንጀል ነው። ከዚያም ሌላ በጥሩ ጠባይ በዓመት እስከ 54 ቀን ከሚቀነስለት ላይ፣ ስልክ ሲገኝበት ቢያንስ 41 ቀን ይወሰድበታል።