«ለምን አየሁ?» ኦቪድ በግዞት

ህሊና፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ኦቪድ ነው፤ በተለይ ግዞት ላይ ሆኖ ስለጻፋቸው ግጥሞች። በፈረንጆቹ 8 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመት ሲሞላው፣ በሮም ከነበሩት ባለቅኔዎች ሁሉ ስሙ የገነነ ሰው ሳለ፣ አውግስጦስ ቄሳር ከከተማዋ አስወጥቶ ቶሚስ ወደምትባል ወደብ አጋዘው።

ቢንያም፦ በሉቃስ ወንጌል ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ትእዛዝ ያወጣው ያው አውግስጦስ። ቶሚስ ደግሞ የዛሬዋ ኮንስታንፃ ናት፣ ሩማንያ ውስጥ፣ ጥቁር ባሕር ዳር። ያኔ የግዛቱ ጠረፍ ነበረች።

ህሊና፦ ጥፋቱ ምን ነበር?

ቢንያም፦ ራሱ ሲናገር «ግጥምና ስሕተት» ይላል። ግጥሙ የታወቀ ነው፤ «የፍቅር ጥበብ» የሚለው፣ ፍቅረኛ እንዴት እንደሚገኝ የሚያስተምረው መጽሐፉ ነው። አውግስጦስ በምንዝር ላይ ጥብቅ ሕግ አውጥቶ ነበርና እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልተመቸውም። ግን መጽሐፉ ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። ስሕተቱን በተመለከተ ማየት የሌለበትን ነገር እንዳየ ብቻ ነው የሚነግረን። ምን እንዳየ አንድም ቦታ አልጻፈም። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ዩልያም ተግዛለች፤ ብዙ ተመራማሪዎች ሁለቱን ጉዳዮች ያያይዟቸዋል።

ህሊና፦ እሺ፣ እኔ የምቸገርበትን ልንገርህ። ከግዞት ከላካቸው መጻሕፍት የመጀመሪያው «ትሪስቲያ» ነው፤ «ኀዘኖች» እንደማለት። አምስት ክፍል አለው። ሁለተኛው ክፍል ከአምስት መቶ ስንኝ በላይ ያለው አንድ ረጅም ግጥም ነው፣ ለአውግስጦስ የተጻፈ። አምላክ ይለዋል፣ መብረቅ የሚወረውረው የአማልክት ንጉሥ ጁፒተር ይለዋል፣ ቸርነትህ ይላል፣ ምሕረትህ ይላል። ያን ሁሉ የጻፈ ብዕር እንዲህ ደጅ ሲጠና ሳይ ያመኛል።

ቢንያም፦ ያምማል። ግን በዚያው ግጥም ውስጥ አክቴዮንን አስገብቶታል፤ እስቲ እሱን ቀስ ብለን እንየው። አክቴዮን አዳኝ ነው። እኩለ ቀን ላይ አደኑን ጨርሶ በማያውቀው ጫካ ሲንከራተት፣ ዲያና የምትባለው አምላክ ምንጭ ውስጥ ገላዋን ስትታጠብ ድንገት ያያታል። ፈልጎ አልሄደም። ውኃ ትረጨውና አጋዘን ይሆናል፤ አፉ መናገር አይችልም። የገዛ ውሾቹ ጌታቸውን ሳያውቁት ይቦጫጭቁታል። አሁን ኦቪድ ለአውግስጦስ ምን ይላል? «ለምን አየሁ? ዓይኖቼን ለምን ጥፋተኛ አደረግኋቸው?» ይልና ወዲያው አክቴዮንን ይጠራል፤ እሱም ሳያውቅ ነው ዲያናን ያየው፣ ቢሆንም የውሾቹ ምግብ ከመሆን አልዳነም። አማልክት ከተቀየሙ ሳያስቡት መሳሳትም ምሕረት የለውም፣ ይለዋል።

ህሊና፦ ይህ ልመና ነው ወይስ ክስ?

ቢንያም፦ ለእኔ ክስ ነው። ምክንያቱም ይህንኑ ታሪክ ከግዞቱ በፊት በ«ሜታሞርፎሲስ»፣ ስለ መለወጥ በሚናገሩት ተረቶች በተሞላው ረጅም ግጥሙ፣ ጽፎታል። እዚያ ታሪኩን ሲጀምር ጥፋቱ የዕጣ ፈንታ እንጂ የልጁ አይደለም፣ በስሕተት ውስጥ ምን ወንጀል አለ ብሎ ይጠይቃል። ሲጨርስ ደግሞ አማልክቱ ዲያና ጨክናለች አልጨከነችም እያሉ ይከራከራሉ። ያን ያነበበ ሰው ይህን ሲያነብ ፍርዱ ለማን እንደሆነ ይገባዋል። አምላክ ነህ ካለው በኋላ አምላክ በንጹሕ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ አሳየው።

ህሊና፦ አክቴዮንን በተመለከተ አሳምነኸኛል። ውዳሴው ግን አሁንም ውዳሴ ነው፤ ፈርቶ ነው የጻፈው፣ መፍራቱንም አይደብቅም። እኔን የሚይዘኝ ስለ ራሱ የጻፈው ነው። በሮም ያሳለፋት የመጨረሻዋ ሌሊት ለምሳሌ። ሊነጋ ነው። ጨረቃዋ ከፍ ብላለች፣ ከተማው ጸጥ ብሏል። ሚስቱ አብሬህ እሄዳለሁ ትላለች፤ እሱ ግን ሮም ቀርታ እንድትለምንለት ነው የሚፈልገው። ሀብቱ አልተወረሰም፣ ዜግነቱም አልተነካም፤ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ሴት ልጁ ሊቢያ ስለነበረች አባቷ መጋዙን እንኳ አልሰማችም። ሦስት ጊዜ ደፉን ረግጦ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ደህና ሁኑ ካለ በኋላ እንደገና ያወራል፣ የተናገረውን ይደግማል። ቤቱ ለቅሶ ቤት ነው፤ ከወደቀችው ትሮይ ጋር ያመሳስለዋል።

ቢንያም፦ እዚያም ተረቱ ገባ።

ህሊና፦ ገባ፣ ግን ይቅርታ ጠይቆ ነው ያስገባው፤ ታላቁን ለትንሹ ምሳሌ ማድረግ ከተፈቀደ ብሎ። የቶሚስ ክረምትም ሌላ ነው። ወይኑ ጋኑ ውስጥ ይረጋና፣ ጋኑ ሲነሣለት የጋኑን ቅርጽ እንደያዘ ይቆማል። ሰዎቹ አይቀዱትም፣ ቁራጭ ይሰጣጣሉ። ጢማቸው ላይ በረዶ ያብለጨልጫል። የዳኑብ ወንዝ በረዶ ሆኖ ይጠነክርና በሬ የሚጎትተው ጋሪ ይሄድበታል። ዓሦች በረዶው ውስጥ ተጣብቀው አይቻለሁ፣ ገሚሶቹ ነፍሳቸው አልወጣም ነበር፣ ይላል።

ቢንያም፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከእሱ በፊት ሌላው የሮም ባለቅኔ ቪርጂል የሰሜኑን አገር ብርድ ሲስል ወይን በመጥረቢያ እንደሚፈልጡ ጽፏል። ኮንስታንፃ ዛሬ በጋ ላይ ሰው ሊዋኝ የሚሄድባት ከተማ ናት። ኦቪድ ካየው ይልቅ ካነበበው የወሰደው አለ።

ህሊና፦ ይኑራ! ያን ሁሉ ካለ በኋላ ግን የሚያመጣው ሌአንደር ነው። ሌአንደር ፍቅረኛውን ሊያይ በየሌሊቱ ባሕር እየዋኘ ሲሻገር የሰጠመው ልጅ ነው። ኦቪድ ምን ይለዋል? የአንተ ባሕር እንደዚህ ቢሆን ኖሮ አትሞትም ነበር። በእግርህ ትሻገር ነበር። ይህን ከየትም አላነበበውም፤ በረዶው ዳር ቆሞ ነው የታየው።

ቢንያም፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ተረቶቹ ሁሉ እንደዚያ ተለውጠውበታል። ፋኤቶን በ«ሜታሞርፎሲስ» በኢትዮጵያውያን ንጉሥ በሜሮፕስ ቤት ያደገው፣ የፀሐይን ሠረገላ ልንዳ ብሎ በመብረቅ የተመታው ልጅ ነው። አሁን ፋኤቶን በሕይወት ቢኖር ሰማይን ይሸሽ ነበር፣ ይላል። መብረቁ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ህሊና፦ ከትሮይ ጦርነት በኋላ በባሕር የተንከራተተውን ኦዲሴዎስንስ ረሳኸው?

ቢንያም፦ አልረሳሁም። ባለቅኔዎች ሆይ፣ የኦዲሴዎስን ትታችሁ የእኔን መከራ ጻፉ ይላል። እሱ አሸንፎ ወደ አገሩ ነበር የሚሄደው፣ እኔ ተሸንፌ ከአገሬ እሸሻለሁ፤ የእሱ መከራ አብዛኛው የተፈጠረ ነው፣ የእኔ ተረት የለበትም። ዕድሜውን ሙሉ ተረት ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው ይህን የሚለው።

ህሊና፦ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው፤ እሱ ወደ አገሩ አልተመለሰም። አውግስጦስ በ14 ዓ.ም. ሞተ፣ ጢባርዮስ ነገሠ፤ ሮም ግን አልጠራችውም። በ17 ወይም በ18 እዚያው ሞተ። የሮም ከተማ ምክር ቤት ቅጣቱን የሻረው በ2017 ነው።

ቢንያም፦ ከጠፉት ሥራዎቹ አንዱን መርጠሽ መልሺ ቢሉሽ የቱን ትመልሻለሽ? እኔ በግሪክ ተረት ስለምትታወቀው ጠንቋይ ሴት የጻፈውን፣ «ሜዴያ» የተባለውን ትራጄዲውን። የጥንት ሰዎች አድንቀውታል፤ ለእኛ የደረሰን ሁለት መስመር ብቻ ነው። ደግሞ ቶሚስ ስሟን ያገኘችው ሜዴያ ወንድሟን እዚያ ስለቆራረጠችው ነው ብሎ ጽፏል፤ የትራጄዲው ሴትዮ እስከ ግዞቱ ድረስ ቀድማው ሄዳለች።

ህሊና፦ እኔ በጌታውያን፣ በቶሚስ አካባቢ በሚኖሩት ሕዝብ፣ ቋንቋ የጻፈውን ግጥም። የሚረዳኝ የለም፣ እዚህ ባዕዱ እኔ ነኝ እያለ ሲያማርር ቆይቶ፣ በኋላ ቋንቋቸውን ተምሮ በላቲን ምጣኔ ግጥም እንደጻፈላቸውና የፍላጻ ኮሮጆ የታጠቁት ሰዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ እንዳጉረመረሙ ለወዳጁ ይጽፍለታል። አፍሬበታለሁ ይላል፣ ግን ወዲያው ደስ ብሏቸዋል፣ ባለቅኔ መባል ጀምሬአለሁ ብሎ ይጨምራል። ያን ግጥም ባነብ እወድ ነበር።

ቢንያም፦ ርእሱ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ?

ህሊና፦ አውቃለሁ። የአውግስጦስ ውዳሴ ነው። ቢሆንም ያን ነው የምመርጠው።