«ጨጓራ ነው» የተባለ ልብና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሳምንት ስልኩን የከፈትነው ሕክምናው፣ ምርምሩና የሥራ ቦታው ሴቶችን እንዴት እንደሚያስተናግዱ ለመነጋገር ነበር። መስመሩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓት ስላጠረን በአየር ላይ ባጭሩ ያለፍኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ። የደዋዮችን ስም አልጠቀስኩም።

ከሜሪላንድ የደወለች አድማጭ፦ «እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። 63 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። ከመምጣቷ በፊት መንጋጋዋንና ጀርባዋን እያመማት፣ ደረጃ ስትወጣ እየደከማት ሁለት ጊዜ ክሊኒክ ሄዳለች። ሁለቴም የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። እዚህ ስትመረመር የልብ ደም ሥሯ ጠቦ ተገኘ። ወንድ ብትሆን ኖሮ እንዲህ ይደርስባት ነበር?»

እህቴ፣ እንኳን በጊዜ ተደረሰላቸው። የእናትሽን ካርድ ሳላይ ያከሟቸውን ሰዎች መውቀስ አልችልም። ጥያቄሽ ግን ተገቢ ነው። የአንድ ክሊኒክ ጉዳይም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ጥናቶች ታተሙ። በልብ ደም ሥር ሕመም ሆስፒታል የገቡ ሴቶች ከወንዶቹ ያነሰ የልብ ደም ሥር ምርመራና ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግላቸው አሳዩ። ዶ/ር በርናዲን ሂሊ የልብ ሐኪም ናቸው፤ የአሜሪካን ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋማት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴትም ነበሩ። በዚያው ዓመት ነገሩን ፊት ለፊት ጻፉት። አንዲት ሴት እንደ ወንድ የምትታከመው ልቧ እንደ ወንድ ልብ መታመሙን ካስመሰከረች በኋላ ነው አሉ።

አንድ ነገር በደንብ ይያዝልኝ። ለሴትም ቢሆን ዋናው ምልክት የደረት ሕመም ወይም ደረት ላይ የሚሰማ ጫና ነው። «ሴትን የልብ ሕመም ደረቷን አያማትም» የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። ልዩነቱ ሴቶች ላይ ሌሎች ምልክቶች አብረው መምጣታቸው መብዛቱ ነው። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያልባቸዋል። መንጋጋ፣ አንገት፣ የላይኛው ጀርባ ያማል። ምክንያቱ የማይታወቅ ድካም ይመጣል። አንዳንዴ የደረቱ ሕመም ቀለል ይልና እነዚህ ይጎላሉ። ስኳር ሲጨመርበት ደግሞ ነርቭ ስለሚጎዳ ሕመሙ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል።

በእኛ ሀገር ይሄ ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ጨጓራ ይባላል። ካልሆነም ብርድ ነው፤ ካልሆነም ጭንቀት። ታማሚዋ ራሷ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ብላ ትገባለች፤ ሐኪሙም ቃሏን እንዳለ ካርዱ ላይ ያሰፍረዋል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምለምናቸው እዚህ ላይ ነው። «ጨጓራዬን» ስትል እጇን የት እንዳሳረፈች እዩ። ሆዷ ላይ ነው ወይስ ደረቷ መሀል? ሲጀምራት ምን እየሠራች ነበር? ዳገት ስትወጣ መጥቶ አረፍ ስትል የሚለቃትን ሕመም የቀሰቀሰው ሽሮው አይደለም።

ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባቸው እናት ቤታችሁ ካሉ ይሄን ምልክት ሲናገሩ «ኢሲጂ ይነሣላቸው» በሉ፤ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ ነው። አንድ ኢሲጂ ደህና ሆነ ማለት ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ሕመሙ ከቀጠለ ይደገማል፤ ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራም አለ። «ልብ አለመሆኑን በምን አወቁ?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ነውር የለበትም። እኔም እንዲህ ስጠየቅ ደስ ይለኛል።

ከአዲስ አበባ፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ አድማጭ፦ «ለሕፃናት በኪሎ አስልተን እንሰጣለን። ለአዋቂ ሲሆን ግን ለሴቱም ለወንዱም አንድ መጠን ነው። ትክክል ነው?»

ለብዙዎቹ መድኃኒቶች ችግር የለውም። ለአንዳንዶቹ ግን አለው፤ ያንን ያወቅነውም ዘግይተን ነው።

ዞልፒደም የሚባለውን የእንቅልፍ መድኃኒት ታውቂዋለሽ፤ አምቢየን በሚል ስምም ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ለ20 ዓመት ያህል የሚመከረው መጠን ለሁሉም 10 ሚሊግራም ነበር። በ2013 የሀገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሴቶቹን ወደ 5 አወረደው። የሴቶች ሰውነት መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያስወግደው። 10 ሚሊግራም ወስደው 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ መኪና ለመንዳት የሚያሰጋ መጠን በደማቸው የተገኘባቸው ከሴቶቹ 15 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ከወንዶቹ 3 በመቶ ብቻ። ስንት ሴት ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት ልታደርስ መሪ ጨብጣ ወጥታ ይሆን?

ለምን ዘገየ? ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ታሊዶማይድ የሚባል መድኃኒት ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ይሰጥ ነበር። ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ፣ ሌላም ጉዳት ይዘው ተወለዱ። ከዚያ በኋላ ፍርሃት ነገሠ። በ1977 ያው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራ ደረጃዎች እንዳይካተቱ መመሪያ አወጣ። ያላገባችውም፣ የወሊድ መከላከያ የምትወስደውም አብራ ተከለከለች። መመሪያው የተነሣው በ1993 ነው። በዚያው ዓመት በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ የሕክምና ምርምሮች ሴቶችን እንዲያካትቱ በሕግ ተደነገገ።

የሚያሳዝነኝ፣ ጥበቃ ተብሎ የተደረገው ነገር አደጋውን ከጥናት ክፍል አውጥቶ ወደ ቤት ማስገባቱ ነው። ጥናት ላይ ሐኪም ይከታተላል፤ ደም ይመረመራል፤ ችግር ሲታይ ይቆማል። ቤት ውስጥ ማን ያያል?

አስፕሪንም ጥሩ ማሳያ ነው። ልብን ይከላከላል የተባለበት ዝነኛ ጥናት የተሠራው በ22,071 ሐኪሞች ላይ ነበር። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ወደ 40,000 የሚጠጉ ሴቶች የተካተቱበት ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ሌላ ነገር ታየ። አስፕሪኑ በሴቶቹ ላይ የመጀመሪያ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አደጋን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቀነሰም። የቀነሰው ስትሮክን ነው።

አደራ፣ ይሄን ሰምቶ መጠኑን በራሱ የሚቀንስ እንዳይኖር። አንቺ ደግሞ ባለሙያ ነሽና የጎንዮሽ ጉዳት ሲነገርሽ ሪፖርት አድርጊ። ቅጹ ላይ ጾታ፣ ክብደትና እርግዝና የሚሉትን ቦታዎች ባዶ አትተያቸው።

ከባሕር ዳር የደወለች አድማጭ፦ «ከቫይረሱ ጋር ነው የምኖረው። አዲሱ የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ሲመጣ ለወንዶቹ ተሰጠ፤ እኔን ‹ልትወልጂ ትችያለሽ› ብለው በአሮጌው አቆዩኝ። ልክ ነበሩ?»

የፈሩበት ምክንያት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ከቦትስዋና አንድ መረጃ ወጣ። ሲፀንሱ መድኃኒቱን ይወስዱ ከነበሩ 426 ሴቶች በ4ቱ ሕፃናት ላይ የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ችግር ታየ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ከሚጠበቀው ይበልጣል። ብዙ ሀገሮች ወዲያው ገደቡት።

የኔ ቅሬታ አወሳሰኑ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ አፍሪካውያን ሴቶች ኪጋሊ ተሰብስበው አንድ ነገር ጠየቁ። መረጃው ይሰጠን፣ የወሊድ መከላከያም ይቅረብልን፣ ምርጫው የኛ ይሁን አሉ። ትክክል ነበሩ። ክትትሉ ሲቀጥል አደጋው መጀመሪያ ከታየው በጣም ያነሰ መሆኑ ተረጋገጠ። በሐምሌ 2019 የዓለም ጤና ድርጅት ለመውለድ የደረሱ ሴቶችን ጨምሮ ለሁሉም ቀዳሚ ምርጫ እንዲሆን መከረ።

አሁንም በአሮጌው ላይ ካለሽ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ጠይቂ። ለማርገዝ እያሰብሽ ከሆነም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

ከሐዋሳ የደወለች የፋብሪካ ሠራተኛ፦ «አምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የሌሊት ፈረቃ መድበውኛል። አለቃዬ ‹ካልቻልሽ ልቀቂ› አለኝ።»

እህቴ፣ እንዳትለቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል። የትርፍ ሰዓት ሥራም እንደዚሁ። ሥራው ለአንቺ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ ሊያዛውሩሽ ይገባል። በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽ እስከ አራት ወር ድረስ ማርገዝሽን ምክንያት አድርገው ሊያሰናብቱሽ አይችሉም። በአንቀጽ 88 ደግሞ ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዝሽ ታርፊያለሽ። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄጂበት ሰዓትም ይከፈልበታል፤ የሕክምና ማስረጃ ግን መያዝ አለብሽ።

በቃል ተነጋግረሽ አትመለሺ። ማመልከቻ ጻፊ፤ ከጤና ጣቢያ የተሰጠሽን ማስረጃ አያይዢ። ኮፒው ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርምልሽ። ማኅበር ካላችሁ ያሳውቁልሽ፤ ካልሆነም የሠራተኛ ጉዳይን የሚመለከተው የከተማው መሥሪያ ቤት አለ።

ከዚህችው እህት ቀጥላ የደወለች ሌላ ሠራተኛ ሱፐርቫይዘሯ በቃልና በእጅ እንደሚያስቸግራት ነግራናለች። እያለቀሰች ስለነበር ብዙ አልጠየቅናትም። አዋጁ ይሄን ድርጊት በግልጽ ከልክሏል። ትንኮሳው ከአሠሪው ወይም ከሥራ መሪው ከሆነ፣ ወይም የሥራ ባልደረባ አድርጎት አሠሪው ተነግሮት እያለ እርምጃ ካልወሰደ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ለቆ ካሳ መጠየቅ ይቻላል። ካሳው የ90 ቀን ደመወዝ ነው፤ የስንብት ክፍያውም ተጨማሪ አለ። ብዙዎች የማያውቁት ግን የጊዜ ገደቡን ነው። በዚህ ምክንያት ሥራ የመልቀቅ መብት በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበት ያልፋል። ስለዚህ የሆነውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ዛሬውኑ ጻፊ። ያየ ሰው ካለም ስሙን ያዢ።

እዚህ ላይ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን በዚህ አዋጅ አልተሸፈኑም። ለእነሱ በደንብ ይወሰናል ተብሎ ነው የታለፈው። ከማንም በላይ ለብቻቸው ተዘግቶባቸው የሚሠሩት ግን እነሱ ናቸው።

ከአዳማ የደወሉ አባት፦ «ሁሉም ነገር ስለ ሴት ሆነ። እኛስ?»

አባቴ፣ ልክ ነዎት፤ ወንዶችም ይረሳሉ። የአጥንት መሳሳት የሴት ሕመም ተደርጎ ስለሚታይ ወንዶች አይመረመሩም። ሆኖም ዳሌ ከተሰበረ በኋላ የሚሞቱት ወንዶች በመቶኛ ሲሰላ ከሴቶቹ ይበልጣሉ። የጡት ካንሰርም ወንድን ይይዛል፤ እብጠት ካገኙ አይፈሩ፣ ይታዩ። አባት ለሆነ ተቀጣሪም ይሄው አዋጅ የሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው። በእኔ እምነት አይበቃም። ሚስቱ በኦፕራሲዮን ወልዳ ከአልጋ ሳትነሣ እሱ ሥራ ይገባል።

ከጅማ የደወለች ነርስ፦ «አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። ስብሰባ ላይ የሚወስኑት ግን ወንዶች ናቸው።»

የአንቺ ሆስፒታል ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከጤናና ማኅበራዊ እንክብካቤ ሠራተኞች 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ከፍተኛ አመራር ላይ ያሉት 25 በመቶ ብቻ። የእኛም ሀገር የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ መደበ። ክትባቱም፣ የቤተሰብ ምጣኔውም፣ የመጸዳጃው ትምህርትም በእነሱ እግር ነው ቤት ለቤት የደረሰው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤና ሚኒስቴርን የመሩት ዶ/ር ሊያ ታደሰና ዶ/ር መቅደስ ዳባም ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች። ደስ ይላል። የክፍል ኃላፊነቱና የመድኃኒት ግዢ ኮሚቴው ግን ገና ነው።

የግዢ ኮሚቴ ስል በምክንያት ነው። የቀዶ ሕክምና ጓንት በቁጥር ይመጣል። እጇ 6 ተኩል የሆነ ሐኪም መጋዘን ውስጥ ያለው 7 ተኩል ብቻ ከሆነ እሱን አጥልቃ ትገባለች። ጫፉ ጣቷ ላይ ይታጠፋል። መርፌ ስትይዝ የሚነካት ላስቲኩ እንጂ ክሩ አይደለም። ስፌቱ የሚላላው፣ መርፌም የሚወጋት እንዲህ ነው። ጓንቱን ያዘዘው ሰው ክፋት አላሰበም፤ የራሱን ቁጥር ነው ያዘዘው። በሚቀጥለው ስብሰባ የሠራተኞቹን የጓንትና የማስክ መጠን ዝርዝር ጽፈሽ ግቢ። ውጤቱን የምታዪበት ጥያቄ ነው።

በጽሑፍ የደረሰን፦ «እህቴ መስማት የተሳናት ናት። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ባሏ ነው የሚያስተረጉምላት። ደህና ነው?»

ባሏ አብሯት መሄዱ መልካም ነው። አስተርጓሚ መሆኑ ግን ያስቸግራል። በክትትሉ ላይ ነፍሰ ጡሯ ብቻዋን የምትጠየቃቸው ነገሮች አሉ። ቤት ውስጥ ይመታሻል? ኤችአይቪ ተመርምረሻል? እርግዝናውን ፈልገሽው ነው? መልሱ በባሏ እጅ በኩል ከመጣ ሐኪሙ እውነቱን ሳያውቅ ይሸኛታል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የሕንፃ አዋጁ 624/2001ም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ መግቢያ እንዲኖረው አዟል። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ግን በየጤና ጣቢያው አታገኙም። እስከዚያው እህትሽ ራሷ የምታምናት ሴት አስተርጓሚ ትምረጥ፤ መስማት የተሳናቸው ማኅበር ሊያገናኛችሁ ይችላል። ማንበብና መጻፍ የምትችል ከሆነ አዋላጇ ጥያቄውን በወረቀት እንድትጽፍላት ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ወደምትወልድበት ክፍል ሄዳ አዋላጆቹን ትተዋወቅ። «ግፊ»፣ «ቆይ»፣ «ተንፍሺ» ለሚሉት በእጅ ምልክት ይስማሙ፤ ምልክቶቹም ካርዷ ላይ ይጻፉላት፤ በዚያ ሌሊት ተረኛ የምትሆነው ሌላ አዋላጅ ልትሆን ትችላለችና።