ካልሄደ፣ ካልሞተ፦ የሰፈራችን ልጅ ጂሚ ሄንድሪክስ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከመድረኩ ጀርባ ጊታር እየቃኛችሁ ያላችሁ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «ልጆቹ ከመጫወታቸው በፊት ስለ አንድ ሙዚቀኛ ተናገርልን» ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። ከዚህ ከሲያትል ወጥቶ ዓለም ስላወቀው ስለ ጂሚ ሄንድሪክስ እናገራለሁ አልኳቸው። በተለይ ማውራት የምፈልገው ስለተሰጠው ክብር ነው። መቼ ተሰጠው? የት? በማን? የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ እዚህ አገር ስመጣ ስለ ጂሚ የማውቀው ፎቶውን ብቻ ነበር። ያ ጎፈሬ ጸጉሩን፣ ያ ነጭ ጊታሩን። ታክሲ እነዳ ነበር። አንድ ቀን ከሲታክ ኤርፖርት አንድ ጃፓናዊ ጫንኩ። ሆቴል ውሰደኝ አላለኝም። ወረቀት ላይ የተጻፈ አድራሻ አሳየኝ። ሬንተን ያለ መቃብር ነው። ዘመድ ሞቶበት መሰለኝና ዝም ብዬ ነዳሁ። ስንደርስ «ጠብቀኝ» አለኝ። ከኪሱ ትንሽ የጊታር ፒክ፣ ክር መምቻዋን ማለቴ ነው፣ አወጣና ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ሌሎች ፒኮችም ነበሩ፣ ሳንቲም፣ የደረቀ አበባ። ድንጋዩ ላይ የሊፕስቲክ ምልክት አየሁ፤ ሰዎች እየሳሙት ነው የሚሄዱት። ሰውዬው እጁን አጣምሮ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመ። ቆጣሪው እየሮጠ ነው፣ ግድ አልሰጠውም። ከዚያ «ወደ ኤርፖርት መልሰኝ» አለኝ። ሌላ በረራ ነበረው። በሁለት በረራ መካከል ባገኛት ሰዓት ነው የመጣው።

እኔ ያኔ ሬንተን ነበር የምኖረው። በዚያ መቃብር አጠገብ በየቀኑ አልፋለሁ። ማን እንደተቀበረ አላውቅም ነበር። በጣም አፈርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ስለ ጂሚ ማንበብ የጀመርኩት።

አገራችን አንድ አባባል አለ፤ «ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም»። ጂሚ ሁለቱንም አደረገ። መጀመሪያ ሄደ። ከዚያ ሞተ።

የተወለደው ኅዳር 27 ቀን 1942 እዚሁ ሲያትል ነው። ቤታቸው ድሃ ነበር። አባቱ አል የአትክልት ሠራተኛ ነበሩ፤ የሰው ግቢ እያጸዱ፣ ሣር እያጨዱ ነው ያሳደጉት። እናቱ ሉሲል ገና ልጅ እያለ ሞቱበት። ጂሚ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ መጥረጊያ ይዞ ይዞር ነበር። እንደ ጊታር አቅፎት፣ እየመታው። የትምህርት ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ይህንን አይታ ለዚህ ልጅ ጊታር መግዣ ገንዘብ ይሰጠው ብላ ጻፈች። ጊታር ማጣቱ ልጁን ሊጎዳው ይችላል ብላ ነው የጻፈችው። አልተሰጠውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ዛሬ በጂሚ ስም ሐውልት አለ፣ ፓርክ አለ፣ ቴምብር አለ፣ ፖስታ ቤት አለ። ያኔ የተጠየቀው ግን አንድ ጊታር ነበር።

በ1957 ከአባቱ ጋር የአንዲት አሮጊት ቤት ሲያጸዱ ከሚጣለው ዕቃ መካከል ዩኩሌሌ አገኘ። አንድ ክር ብቻ ነው የቀረው። ሴትየዋ «ውሰደው» አሉት። በዚያች በአንድ ክር የሬዲዮ ዘፈን በጆሮው እየለቀመ ተማረ። በዓመቱ በ5 ዶላር አሮጌ ጊታር ገዛ። ቀጥሎ አባቱ የኤሌክትሪክ ጊታር ገዙለት። የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘው እዚሁ ሲያትል አንድ ምኩራብ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ግማሹን ከተጫወተ በኋላ በእረፍት ሰዓት አባረሩት። መታየት አበዛ ብለው ነው።

ጂሚ ግራኝ ነበር። ወላጆች፣ ግራ እጅ በእኛ ቤት እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ ነው የያዘው፤ ክሮቹን እንደገና በራሱ አቅጣጫ አስሮ። ቪዲዮውን ስታዩ ልብ በሉ፤ ድምፅ መጨመሪያው ቁልፍና ክሩን የሚያርገበግበው ዘንግ ከላይ ናቸው። ሌላው ሰው ከታች የሚያገኘውን እሱ ከላይ፣ በክንዱ ሥር አገኘው። ፋብሪካው ለእሱ ብሎ አልሠራለትም። እሱ ግን አመቻቸው።

ከዚያ ሄደ። የተማረበት ጋርፊልድ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ እንጀራ ከምንበላበት ከቼሪ ጎዳና አጠገብ ነው። ሳይመረቅ ወጣ። በተሰረቀ መኪና ውስጥ ተገኝቶ ሁለት ጊዜ ተያዘና እስር ቤት ወይ ወታደር ቤት ምረጥ ተባለ። በ1961 ወታደር ሆነ፣ የ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር። ከሠራዊቱ ሲወጣ ለዓመታት ለትልልቅ ዘፋኞች ከኋላ ቆሞ መታ። ለሊትል ሪቻርድ፣ ለአይስሊ ወንድማማቾች። ማንም ስሙን አልጠየቀም። መስከረም 24 ቀን 1966 ቻስ ቻንድለር የሚባል እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ ከኒውዮርክ ወደ ለንደን ወሰደው። ለንደን በጥቂት ወር ውስጥ አበደለት። አሜሪካ ያወቀችው በሚቀጥለው ሰኔ፣ ከለንደን ተመልሶ ካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ሲጫወት ነው። ነቢይ በገዛ አገሩ አይከበርም ይባላል አይደል?

በስሙ የወጡት የስቱዲዮ አልበሞች በሕይወቱ ሳለ ሦስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ በ1967፣ አንዱ በ1968። በ1969 ነሐሴ ውስጥ ዉድስቶክ በተባለው ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የመጨረሻው ተጫዋች እሱ ነበር። ፕሮግራሙ ዘግይቶ ሰኞ ጠዋት ሆነ። አብዛኛው ሕዝብ ወደ ቤቱ ሄዷል። ሜዳው ጭቃና ቆሻሻ ነው። እዚያ ላይ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር ብቻ ተጫወተ። ቬትናም ጦርነት ላይ ነው ነገሩ። በመዝሙሩ መሃል ቦምብ ሲወርድ፣ ሰው ሲጮህ ይሰማል፤ ሁሉም ከአንድ ጊታር የወጣ ነው። ያንን የተጫወተው የቀድሞ ወታደር መሆኑን አትርሱ። ያ ነጭ ጊታር ዛሬ እዚሁ ሲያትል ሴንተር ያለው ሙዚየም ንብረት ነው። ሙዚየሙን ያሠሩት የማይክሮሶፍቱ ፖል አለን ናቸው፤ በ2000 ሲከፈት መነሻው ለጂሚ የነበራቸው ፍቅር ነው።

ወደ ሲያትል በክብር ተመልሶ ያውቃል? አዎ። በየካቲት 1968 ኮንሰርት አቀረበ፤ በማግስቱ ጋርፊልድ ወስደው ተማሪዎች ፊት አቆሙት። ጊታር አልያዘም። ዓይን አፋር ነበር፣ ብዙም አልተናገረም። ሳይመረቅ የወጣበት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ምን እንዳሰበ ሁልጊዜ አስባለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የተጫወተው ሐምሌ 26 ቀን 1970 በሬይኒየር ሸለቆ በነበረው ስታዲየም ነው። ዝናብ እየዘነበ። ስታዲየሙ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ የግንባታ ዕቃ መደብር ነው ያለው። ብዙዎቻችሁ ሚስማርና ቀለም ገዝታችሁበታል። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 18 ቀን ለንደን ውስጥ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር። እዚህ ሲቀበር ታላቁ የጃዝ ሙዚቀኛ ማይልስ ዴቪስ ለቀብሩ መጥቶ ነበር።

እንግዲህ ክብሩ ከዚያ በኋላ ነው የጎረፈው። በሕይወት ሳለ የመጽሔት ሽልማቶች አግኝቷል፣ አልክድም። ትልቁን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት፣ ግራሚን ግን አንድም ጊዜ አልወሰደም። የግራሚ የሕይወት ዘመን ሽልማት የተሰጠው በ1992 ነው፣ ከሞተ ከ22 ዓመት በኋላ። የሮክ የክብር አዳራሽም ከነባንዱ የተቀበለው በዚያው ዓመት ነው። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የምንጊዜም ታላላቅ ጊታሪስቶችን በ2003፣ በ2011 እና በ2023 ሲያወጣ ሦስቱንም ጊዜ አንደኛ እሱ ነው። እኔ ሙዚቃን እንደ ሩጫ በደረጃ መደርደር ብዙም አይጥመኝም። ቢሆንም በ20 ዓመት ውስጥ ትውልድ ተቀይሮ እሱ አለመነቃነቁ ያስገርመኛል።

የገዛ ከተማው ግን ክብሩን እንዴት እንደምትሰጠው ግራ ገብቷት ነበር። በ1980ዎቹ የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ አድማጮች ገንዘብ አዋጥተው መታሰቢያ ተሠራለት። የት መሰላችሁ? መካነ እንስሳት ውስጥ! የአፍሪካ እንስሳት በሚታዩበት በኩል፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አለት። ገንዘቡን ያዋጡት ሰዎች በቅንነት ነው ያደረጉት፣ ያንን አምናለሁ። ግን አስቡት። በዚህች ከተማ ተወልዶ ያደገ ጥቁር ልጅ፣ መታሰቢያው ከቀጭኔ ፊት ለፊት ሲደረግ። ይህንን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ።

የለንደኑ ይለያል። ብሩክ ጎዳና ቁጥር 23 ላይ፣ ከ1968 እስከ 1969 በኖረበት ቤት ግድግዳ፣ በ1997 ሰማያዊው ክብ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቀለ። ያንን ሰሌዳ ከፖፕና ከሮክ ሙዚቀኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘ እሱ ነው። በስተጎኑ ያለው ቤት፣ ቁጥር 25፣ ታላቁ የክላሲካል አቀናባሪ ሃንደል እስኪሞት ድረስ የኖረበት ነው። ጂሚ ይህንን ሲያውቅ ሄዶ የሃንደልን ሸክላዎች ገዛ። ዛሬ ሁለቱም ቤቶች አንድ ሙዚየም ናቸው፤ የጂሚ መኝታ ክፍል በ2016 ለሕዝብ ተከፍቷል። አልጋው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው በዘመኑ እንደነበረው ሆኖ ተዘጋጅቷል። ሁለት ሙዚቀኞች፣ ሁለት መቶ ዓመት ልዩነት፣ አንድ ግድግዳ። ከሁሉም ክብሮቹ ለእኔ ልብ የሚነካው ይኼ ነው። ትልቅ ስላደረጉት አይደለም። እንደ ጎረቤት ስለቆጠሩት ነው።

ሲያትልም ቀስ በቀስ አረመችው። በ1990ዎቹ ብሮድዌይና ፓይን ጥግ ላይ ተንበርክኮ ጊታር ሲመታ የሚያሳይ የነሐስ ሐውልት ቆመ። መንገደኛ አበባ ያስይዘዋል። በ2006 በዚሁ አሮጌ ሰፈር፣ ከአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም አጠገብ ያለ ቦታ በስሙ ተሰየመ፤ ፓርኩ ተሠርቶ የተመረቀው በ2017 ነው። የዚህ ሰፈር ልጆች ዛሬ እዚያ ብስክሌት ይነዳሉ። በ2014 ፊቱ በአሜሪካ ቴምብር ላይ ወጣ። በ2019 ደግሞ ከመቃብሩ ብዙም የማይርቀው የሬንተን ሃይላንድስ ፖስታ ቤት በኮንግረስ ሕግ ስሙ ተሰጠው። ያ ፖስታ ቤት እኔ ለእናቴ ዕቃ የምልክበት ነው። ወረፋ ይዤ ቆሜ በሩ ላይ «ጄምስ ማርሻል ጂሚ ሄንድሪክስ» የሚለውን ሳነብ ያ ጃፓናዊ ትዝ ይለኛል።

አባቱን አልረሳም። አል ሄንድሪክስ የልጃቸውን ሙዚቃ መብት ለማስመለስ ተከራክረው በ1995 አሸነፉ። ልጁ ከሞተ 25 ዓመት ሆኖታል። የመቃብሩን ትልቁን መታሰቢያ ያሳነጹት ቤተሰቡ ናቸው። ግራናይት፣ ጉልላት ያለው። አል በ2002 አረፉና እዚያው ከልጃቸው ጋር ተቀበሩ።

ወላጆች፣ የጂሚ ድምፅ አገራችንም ደርሶ ነበር። እነዚያ የሰባዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች ዋዋ ፔዳል፣ ያቺን የጊታር ድምፅ የምታስለቅስ የእግር መርገጫ፣ ሲረግጡ የምንሰማው ድምፅ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? የአይቤክስና የሮሃ ባንዱ ጊታሪስት ሰላም ስዩም «የኢትዮጵያ ጂሚ ሄንድሪክስ» እስከመባል ደርሷል። ዘፋኞቹን በስም እንጠራለን። ከኋላ ቆሞ ጊታር የመታውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የምትወዱትን አንድ የድሮ ዘፈን ክፈቱና ጊታሩን ብቻ ስሙ። ማን እንደመታው ፈልጉ። በሕይወት ካለ ደውሉለት።

አሁን ወደ ልጆቹ። መጀመሪያ የምትወጣው የ12 ዓመት ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት ወደ እኔ ስትመጣ ጊታር አልነበራትም፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል አንዳችሁ ቤታችሁ አቧራ የጠጣውን ሰጣችኋት። ግራኝ ናት። ክሮቹን ፈትተን ገልብጠን አስረንላታል። ትዝታ ነው የምትጫወተው። እባካችሁ ስልካችሁን ዝጉ፣ ከኋላ ያላችሁም ወደፊት ቅረቡ፤ ማጉያው ትንሽ ነው።

ነይ ልጄ፣ ውጪ።