ብስክሌት ለመጀመር ስንት ብር ይበቃል?

(ምስል፦ በሱቅ ውስጥ የተደረደሩ ብስክሌቶች፤ ከጎናቸው ጫማ፣ መነጽርና ደማቅ የብስክሌተኛ ልብስ)

ብስክሌት ለመጀመር ያሰበ ሰው ገና ፔዳል ሳይረግጥ ረጅም የዕቃ ዝርዝር ይቀርብለታል። ቀላል ፍሬም፣ ከፔዳል ጋር የሚቆለፍ ጫማ፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ልብስ፣ ፍጥነት የሚቆጥር ኮምፒውተር፣ ልዩ መነጽር። ብዙ ሰው ዝርዝሩን አይቶ ኪሱን ይዳብስና «ይህስ የሀብታም ጨዋታ ነው» ብሎ ሐሳቡን ይተዋል። ይህን ቪዲዮ ያዘጋጀሁት ለእርሱ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ አብዛኛው ለጀማሪ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልጉት ጥቂት ነገሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ አይገኙም።

የብር ዋጋ አልጠራላችሁም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አንድ ቦታ አልረጋም፤ ዛሬ የምነግራችሁ ቁጥር ነገ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ስለዚህ በድርሻ እንነጋገር። ለዚህ ጉዳይ ካሰባችሁት ከእያንዳንዱ መቶ ብር ሰባ አምስቱን ለብስክሌቱ መድቡ። ሃያ አምስቱን ግን ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ለዩና አስቀምጡ። ያላቸውን በሙሉ በብስክሌቱ ላይ አውጥተው ያለ ሄልሜትና ያለ መብራት አስፋልት ላይ የሚወጡ ወጣቶችን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰጋል። ሃያ አምስቱ ብር የሚጠብቀው እነርሱን ነው።

በአሜሪካ ለምትኖሩ ተመልካቾች ግን ግምታዊ ቁጥር ልጥቀስ። ለጀማሪ ከበቂ በላይ የሆነ አዲስ ብስክሌት ከ500 እስከ 800 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል። ታላላቅ አምራቾች ለውድድር ከሚሠሩት እጅግ ውዱ ደግሞ ከ12,000 ዶላር ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው፤ ጀማሪ የሚሰማው ልዩነት ግን በጣም ጠባብ ነው።

(ምስል፦ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው የሚያብረቀርቅ ብስክሌት)

አሁን ወደ ብስክሌቱ። ዋጋው ዝቅ ያለ ሆኖ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለውን ብስክሌት አትግዙ። ዓይን የሚስበው እርሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሞተር ብስክሌት ይመስላል፣ ልጆችም መጀመሪያ የሚያሳዩት እርሱን ነው። ነገር ግን ጥሩ ሞላ በራሱ ውድ ዕቃ ነው። ዋጋው ዝቅ ባለ ብስክሌት ላይ የተገጠመው ሞላ ከባድ ብረት ነው፣ ንዝረቱን የሚያበርድበት ዘይትም የለውም። ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር የኋላው ሞላ ይረግብና ጉልበታችሁን ይበላል። ብስክሌቱ ከ17 ኪሎ በላይ መመዘኑ የተለመደ ነው። ከዚያም ጥቂት ወራት ሲቆይ የኋላው አካል የሚታጠፍበት ማያያዣ ይላላና ጎማው ወደ ጎን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በዚያው ዋጋ ሞላ የሌለው፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ደረቅ የሆነ ተራ ብስክሌት ብትገዙ አምራቹ በሞላ ያላባከነው ገንዘብ ወደ ፍሬን፣ ወደ ቸርኬና ወደ ማርሽ ሄዶ ታገኙታላችሁ።

ማርሽን በተመለከተ ሻጩ «ባለ 21 ነው፣ ባለ 24 ነው» ይላችኋል። ብዛቱ አይጠቅማችሁም፤ የምትጠይቁት «በጣም ቀላሉ ማርሽ ምን ያህል ይቀላል?» ብላችሁ ነው። ለዚህ የሻጩ መልስ አያስፈልጋችሁም፣ ጎንበስ ብላችሁ ጥርስ ቁጠሩ። በፔዳሉ በኩል ያለው ትንሹ ክብ 28 ጥርስ፣ በኋላ ጎማ በኩል ያለው ትልቁ ደግሞ 34 ጥርስ ቢኖረው ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞሩ ጎማው አንድ ሙሉ ዙር እንኳ አይዞርም። ያ ዳገት የሚያወጣ ማርሽ ነው። የኋላው ትልቁ ከፊተኛው ትንሹ የሚበልጥ ከሆነ ለአዲስ አበባ መንገድ ይሆናል። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ለምትነዱ ግን ከተማው ሜዳ ስለሆነ ያለ ማርሽም ዓመታት መንዳት ይቻላል፤ ማርሽ የሌለው ብስክሌት ደግሞ የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው።

የጎማው መጠን ሌላው ጥያቄ ነው። ከምትኖሩበት አካባቢ የብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ቀድማችሁ ሂዱና ምን ዓይነት የውስጥ ጎማ እንደሚያገኝ ጠይቁት። የ26 ኢንች ጎማ የለመደው ጠጋኝ ከአውሮፓ በመጣ ቀጭን የእሽቅድምድም ጎማ ፊት እጁ ሊያጥር ይችላል። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶችም ብስክሌት ለመላክ ካሰባችሁ ይህን አስቡ። በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ወይም በባትሪ የሚለወጥ ማርሽ ያለውን ብትልኩ መለዋወጫው ሲጠፋ ስጦታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። በሽቦ የሚሠራ ፍሬንና በሽቦ የሚለወጥ ማርሽ ያለውን ላኩ። የውስጥ ጎማው መንፊያ አፍም የመኪና ዓይነት ይሁን፤ ያን ጊዜ የትኛውም ጎሚስታ ሊነፋው ይችላል።

(ምስል፦ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ)

ስለ ክብደት በሰፊው ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ገንዘቡን በብዛት የሚከፍለው ለዚህ ነው። እናንተ 66 ኪሎ ብትመዝኑና ብስክሌታችሁ 14 ኪሎ ቢሆን ዳገቱን የሚወጣው በድምሩ 80 ኪሎ ነው። ብስክሌቱ በአንድ ኪሎ ቢቀንስ የቀነሰው ከሰማንያ አንድ እጅ ነው። ቀጥ ባለ ዳገት ላይ የሚወስድባችሁ ጊዜም በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል። የእንጦጦን ዳገት በ40 ደቂቃ የምትወጡ ከሆነ ያተረፋችሁት 30 ሰከንድ ነው። ሦስት ኪሎ ለመቀነስ የብስክሌቱን ዋጋ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ብትከፍሉ የምታገኙት አንድ ደቂቃ ከግማሽ ይሆናል። ሜዳ ላይ ደግሞ ያን ያህልም የለም፤ እዚያ የሚይዛችሁ ነፋስ ነው፣ ነፋሱንም በብዛት የሚጋፋው የራሳችሁ ደረት ነው። ሁለት ወር ሳታቋርጡ ብትነዱ ግን ከ40 ደቂቃው ላይ የሚቀነሰው ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፣ ዋጋውም ላብ ብቻ ነው። ሙሉ ውኃ የያዘ የአንድ ሊትር ኮዳ አንድ ኪሎ እንደሚመዝንም አትርሱ።

ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ሁላችንም ኮርተናል። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው ውድድር ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ሲለብስም ብዙ ወጣት «እኔስ?» አለ። ያ ስሜት ውድ ነው፣ ሊጠበቅም ይገባዋል። እነርሱ የሚነዱት ብስክሌት ግን የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ካስቀመጠው ዝቅተኛ ክብደት፣ ከ6.8 ኪሎ፣ እምብዛም የማይርቅ ነው፤ የሚያቀርብላቸውም ቡድናቸው ነው። ጀማሪ ከእነርሱ የሚወርሰው ልምምዱን ይሁን።

(ምስል፦ ያገለገለ ብስክሌት፤ እጅ አንዱን ክፍል ከሌላው እያፈራረቀ ሲፈትሽ)

ባጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ያገለገለ ብስክሌት ከአዲስ ርካሽ ብስክሌት ይሻላል፤ ይህን በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ነገር ግን ፈትሹት። የፊት ፍሬኑን አጥብቃችሁ ያዙና ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ግፉት፤ ከመሪው ሥር «ኳ» የሚል ድምፅ ወይም መላላት ከተሰማችሁ እዚያ ያለው ኩሽኔታ ወይ ላልቷል ወይ አልቋል። ከዚያ ፔዳሉን የተሸከመውን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ መነቃነቅ የለበትም። ጎማዎቹን አንስታችሁ አሽከርክሩና ቸርኬው በፍሬን ላስቲኮቹ መካከል ቀጥ ብሎ ያልፍ እንደሆነ ተመልከቱ። ትንሽ መወላገድ በራጂ ይስተካከላል፤ የተሰረጎደ ቸርኬ ግን አይስተካከልም። በመጨረሻ ብስክሌቱን ገልብጡና ከመሪው ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ቱቦ ከሥሩ በጣታችሁ ዳብሱ። ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል ማለት ነው፤ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት።

ወደ ሃያ አምስቱ ብር እንመለስ። ከሁሉ በፊት ሄልሜት። ውድ ሄልሜት የተሻለ ይጠብቃል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። በአሜሪካ የሚገኘው የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የብስክሌት ሄልሜቶችን እየፈተነ በኮከብ ደረጃ ይሰጣል፤ ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሄልሜቶች ከውዶቹ እኩል አምስት ኮከብ ያገኙበት ጊዜ አለ። ተጨማሪው ገንዘብ የሚከፈለው በአብዛኛው ለቅለት፣ ለአየር ማስገቢያና ለመልክ ነው። ውስጡ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የሲ.ፒ.ኤስ.ሲ.፣ ለአውሮፓ የተሠራው የኢ.ኤን. 1078 ምልክት ይኖረዋል። ያገለገለ ሄልሜት ግን አትግዙ። ውስጡ ያለው ፎም ጭንቅላትን የሚያድነው ራሱ በመጨፍለቅ ስለሆነ አንዴ ከተመታ ከውጭ ደኅና ቢመስልም ሥራውን ጨርሷል። ግንባራችሁ ላይ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ትቶ ይቀመጥ፤ ወደ ማጅራት የተገፋ ሄልሜት ግንባርን አይጠብቅም።

ቀጥሎ መብራት፣ ከኋላ ቀይ ከፊት ነጭ። አንዱን ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ ለጊዜው የኋላውን አስቀድሙ፤ ከኋላችሁ የሚመጣውን መኪና እናንተ አታዩትም፣ እርሱ ሊያያችሁ ይገባል። ከዚያ ቁልፍ፣ ትንሽ መንፊያ፣ የጎማ መለጠፊያና ማስቲሽ። ለክረምት ፓራፋንጎ ያስፈልጋችኋል፣ ያለዚያ ከጎማው የሚረጨው ጭቃ ጀርባችሁን ይሞላዋል። እስከዚህ ያለው በሃያ አምስቱ ካልበቃ ከብስክሌቱ ድርሻ ቀንሱለት።

(ምስል፦ እግር በፔዳል ላይ፤ ተረከዙ የረገጠበት ቅርብ እይታ)

ጀማሪን ከብስክሌት የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ የመቀመጫ ሕመም ነው። ሰው ሕመሙ ሲብስበት ለስላሳና ወፍራም መቀመጫ ይገዛል። ወፍራሙ መቀመጫ ግን ሰውነት እንዲሰምጥ ስለሚያደርግ ረጅም መንገድ ላይ ይበልጥ ያሳምማል። መጀመሪያ ቁመቱን አስተካክሉ፤ ምንም አያስከፍልም። ግድግዳ ተደግፋችሁ ብስክሌቱ ላይ ተቀመጡና ፔዳሉን እስከ ታች አውርዱት። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ ስታሳርፉ ጉልበታችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስትረግጡ ጉልበቱ ጥቂት ታጥፎ ይቀራል፤ ትክክለኛው ቁመት እርሱ ነው። በየመንገዱ ጉልበታቸው ደረታቸውን ሊነካ ደርሶ የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ ጉልበታቸውን የሚጎዱት አምስት ደቂቃ በማይፈጅ ሥራ ሊድን በሚችል ነገር ነው። ይህን አድርጋችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ መንዳት ስትጀምሩ ስፖንጅ የተሰፋበት የብስክሌት ቁምጣ ግዙ። ያለ ውስጥ ልብስ የሚለበስ ነው። ከልብስ ሁሉ ገንዘቡን በእርግጥ የሚመልሰው ይኸው አንድ ቁምጣ ነው፤ ማሊያው በተራ ካናቴራ ይተካል፣ ኮምፒውተሩን ስልካችሁ ይሸፍናል፣ ከፔዳል ጋር የሚቆለፈው ጫማ ደግሞ መውደቅን ሳትፈሩ መቆምና መነሣት እስክትችሉ ይቆይ።

(ምስል፦ ሰንሰለት ላይ የተቀመጠ ማስመሪያ)

የቀረው ሰንሰለት ነው። በብዙ ሠፈር ሰንሰለት ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይፈስበታል። በዘይቱ ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ ሰንሰለቱን ይሞርደዋል፣ አቧራም ይሰበስብበታል። በጨርቅ ጥረጉት፣ በየማያያዣው አንድ ጠብታ ንጹሕ ዘይት አድርጉ፣ የተረፈውን መልሳችሁ ጥረጉ። በየሁለት ወሩ ደግሞ በማስመሪያ ለኩት። ከአንዱ ፒን (ማያያዣዎቹን ከሚያገጣጥመው ትንሽ ምስማር) መሐል ተነሥታችሁ በፒንና በፒን መካከል ያለውን ክፍተት እየቆጠራችሁ እስከ ሃያ አራተኛው መጨረሻ ድረስ አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። ወደ 30.7 ሲጠጋ ተስቧልና ለውጡት። ካልለወጣችሁት የተሳበው ሰንሰለት የኋላውን ጥርስ በራሱ ልክ ይበላዋል፤ ያን ጊዜ አዲስ ሰንሰለት ብታስገቡም ባረጀው ጥርስ ላይ እየዘለለ ስለማይይዝ ሁለቱንም አንድ ላይ ለመግዛት ትገደዳላችሁ።