ፖሊስ ሲከሰስ ማን ይዳኘው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐዋሳ በሬዲዮ ስለ ፖሊስ ሥነ ምግባር ስንወያይ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። እኔም ጠበቃ እንደመሆኔ ሕጉን ለማስረዳት ተጋብዤ ነበር። በሰዓት ማነስ በወጉ ያልመለስኳቸውን ጥያቄዎች እነሆ በጽሑፍ።

ከታቦር ክፍለ ከተማ የደወሉ እናት፦ «ልጄ ተይዞ ሳለ መርማሪው ደበደበው። አቤት አልኩ። ከወር በኋላ ‹እርምጃ ወስደናል› አሉኝ። ምን እርምጃ ብል ‹የውስጥ ጉዳይ ነው› ተባልኩ። ይሄ ፍትሕ ነው?»

እናቴ፣ ግማሹም አይደለም። የዲሲፕሊን እርምጃ መሥሪያ ቤቱ በገዛ ሠራተኛው ላይ የሚወስደው ነው። የተያዘን ሰው መደብደብ ግን ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ቃል ለማውጣት ብሎ ተጠርጣሪን የሚያስፈራራ ወይም በጭካኔ የሚይዝ የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል። ነገሩ ሲከብድ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። ስለዚህ በጣቢያ ኃላፊ ቢሮ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ሊያየው፣ ፍርድ ቤት ሊወስንበት ይገባል።

አቤቱታዎን በጽሑፍ ያድርጉት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አብረውት ታስረው የነበሩትን ሰዎች ይጥቀሱ። የሐኪም ማስረጃ ያያይዙ። ሰንበሩ በሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ ወረቀቱ ግን ይቆያል። ለዐቃቤ ሕግ ሲያስገቡ አንዱን ቅጂ ማኅተም አስመትተው ቤትዎ ያስቀምጡ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እዚሁ ከተማችን ጽሕፈት ቤት አለው፤ እዚያም ያመልክቱ።

«የውስጥ ጉዳይ ነው» የሚለው መልስ ያንገበግበኛል። መርማሪው በእርግጥ ተቀጥቶ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን አላወቁም፣ ጎረቤትዎም አላወቀም። ሰፈሩ ሁሉ «አድበስብሰው አለፉት» ብሎ ይደመድማል። ቅጣቱ ቢኖር እንኳ ለሕዝቡ እንዳልነበረ ተቆጠረ። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ ይህን ነው። በሥራዬ ተሸንፈውም «ዳኛው እስከ መጨረሻ ሰምቶኛል» ብለው ረጋ ብለው የሄዱ ደንበኞች አይቻለሁ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። የተወሰነውን በጽሑፍ እንዲያሳውቁዎት ይጠይቁ።

ከመናኸሪያ አካባቢ የደወለ የባጃጅ ሹፌር፦ «ፖሊስን ፖሊስ ሲመረምረው እንዴት አምናለሁ?»

ወንድሜ፣ ጥርጣሬህ ይገባኛል። ሐቀኛ መርማሪ የለም ማለቴ አይደለም፤ ሞልተዋል። ግን አብሮህ ተረኛ ያደረን፣ ምሳ የበላን ሰው መመርመር ለማንም ይከብዳል። ቢያንስ መርማሪው ከሌላ ጣቢያ፣ ከሌላ አለቃ ሥር መምጣት አለበት። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ሕግ ከፖሊስ ውጭ የሆነ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አቋቁማለች። እኛም እንደዚያ ያለ፣ ሥራው ይሄ ብቻ የሆነ አካል ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ።

ስሙ እንዳይጠቀስ የጠየቀ የፖሊስ አባል፦ «ሃያ ሰከንድ ቪዲዮ በቴሌግራም ይለቀቃል፣ በቃ ወንጀለኛ ተባልኩ። ልጆቼ ትምህርት ቤት ይሰደባሉ። ለእኛስ ፍትሕ የለም?»

አለ፣ መኖርም አለበት። በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ መገመት ለአንተም የተጻፈ መብት ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 በሰጠው ውሳኔ የፖሊስ ኃይል አጠቃቀም የሚመዘነው ምክንያታዊ የሆነ ፖሊስ በዚያች ቅጽበት በነበረበት ቦታ ሆኖ በሚያየው እንጂ ሁሉም ካለፈ በኋላ በሚታወቀው አይደለም ብሏል። ይህ ሚዛን ተገቢ ይመስለኛል። ቢላ የያዘ ሰው ፊት የቆመ ፖሊስ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስልኩን የሚያይ ሰው ያለው ጊዜ የለውም።

ግን ካሜራውን አትጥላው። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ሲሞት የፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ ነገሩን እንደ ጤና እክል ነበር ያቀረበው። እውነቱን ያወጣው አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ የቀረጸችው ነው። ሆኖም ፖሊሱ ጥፋተኛ የተባለው በስልክ ስክሪን ላይ ሳይሆን በማግስቱ ዓመት ተከላክሎ፣ ጠበቃው ተናግሮ፣ ምስክር ተሰምቶ ነው። ላንተም የምመኝልህ ይህንኑ ነው። የሆነውን በዚያው ዕለት በመዝገብ በትክክል ጻፍ። «ታዝዤ ነው» የሚለው ደግሞ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቅህ ከፈጸምከው አያድንህም።

በጽሑፍ መልእክት የደረሰን፦ «የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት 48 ሰዓት ቅዳሜና እሁድን ይጨምራል?»

ይጨምራል። ሕገ መንግሥቱ የሚቀንሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚፈጀውን የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከአሞራ ገደል አካባቢ የደወለ ወጣት፦ «ፖሊስ ሰው ሲመታ በዓይኔ አይቻለሁ። ልመስክር ብል ፈራሁ።»

ፍርሃትህ የሚያሳፍር አይደለም። ዛሬ ማታ ያየኸውን ሁሉ ጻፈው። የሰማኸውን ከዚያ ጋር አትቀላቅል። ከሩቅ ከሆነ ከሩቅ ነበርኩ በል፤ መብራት ካልነበረ አልነበረም በል። ይህ ለተመታውም ለፖሊሱም እኩል ይጠቅማል። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ የሚሸፍነው ግን ከባድ ወንጀሎችን ነው። ስለዚህ ቃልህን ከመስጠትህ በፊት ዐቃቤ ሕግ ጋ ሄደህ ጥበቃ ይገባኝ እንደሆነ ብለህ ጠይቅ። ብቻህን አትሂድ፣ የምታምነውን ሰው ይዘህ ሂድ።